ምጣዱን ያላየ ድጎማ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት ለተቀመጠም፣ ቡሬ መናኸሪያ ለቆመም የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ግድቡ አልቆ መብራት ለምን ይወደዳል?» ቦንድ የገዛ ገበሬ፣ ከደመወዙ ያስቆረጠ መምህር፣ ከሱቋ ያዋጣች ነጋዴ «የእኔስ ድርሻ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። መንግሥትም የተዘጋጀ መልስ አለው። ታሪፉ ቢስተካከልም ዝቅተኛ ተጠቃሚው ይደጎማል፣ ዋጋችንም ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ያነሰ ነው ይላል። ጠያቂውና መላሹ ግን ሳይታወቃቸው በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም የቤተሰብ የኃይል ወጪ ማለት በመብራት ቢል ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው ብለው ተነስተዋል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ቤተሰብን የሚያስጨንቀው የኃይል ወጪ አብዛኛው ቢል ላይ አይወጣም። ያለው እንጨት ተራ፣ ከሰል በረንዳ፣ ኩበት ክምርና የሴቶች ጀርባ ላይ ነው። የመንግሥት እገዛ ደግሞ ለዓመታት የተንጠለጠለው በቆጣሪውና በነዳጅ ማደያው ላይ ነው። ችግሩ ያለበትና ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ስላልተገናኙ ታሪፉ ቢወርድም ባይወርድም ብዙ ማጀት ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም።

50 ኪሎ ዋት ሰዓት ምን ይሠራል?

ነገሩን ከታሪፉ እንጀምር። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። ጤፍም ዘይትም የቤት ኪራይም እጥፍ እጥፍ ሲሄዱ መብራት ባለበት ቆመ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ታሪፍ ሲመጣም በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ በነበረበት ዋጋ እንዲቀጥል ተደረገ። ዋጋው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ከምናምን ነበር። ሃምሳውን አሟጦ የተጠቀመ ቤተሰብ የአገልግሎት ክፍያውን ሳይጨምር በወር 13 ብር ከ65 ሳንቲም ይከፍል ነበር ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ያን ጊዜም ቢሆን አንድ ጥሩ ማኪያቶ አይጠጣም። ከዚያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ሽቦውም ትራንስፎርመሩም ቆጣሪውም በብዛት በዶላር የሚታሰብለት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ተቋም በመስከረም 2017 ሁለተኛውን የታሪፍ ማሻሻያ ጀመረ። ይኼኛው በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ አራት ዓመት የሚዘልቅ ነው። አሁንም ዝቅተኛው እርከን ትልቁን ድጎማ እንዲያገኝ ተደርጓል።

በወረቀት ላይ ይህ ለድሃ የታሰበ አሠራር ነው፤ በቅን ልቦና የተሠራም ይመስለኛል። ችግሩ የሃምሳው ወሰን የተቀመጠው አምፖል ታይቶ መሆኑ ነው። አሥር ዋት የሚወስዱ ሦስት አምፖሎች በየማታው አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞሉም። ቴሌቪዥኑ፣ ስልክ መሙያውና ሬዲዮው ተጨምረውበትም ቤተሰቡ ከሃምሳ በታች ተደላድሎ ይኖራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። ምጣድ እንደ አሠራሩ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይስባል። ሦስት ተኩል እንበል። ባለቤቲቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ብትጋግር በአንድ ጊዜ ሰባት፣ በወር ስምንት ጊዜ ደግሞ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ምጣዱ ብቻውን፣ አንድ አምፖል ሳይበራ፣ ዝቅተኛውን እርከን አልፎ ሄደ። ወጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከተሠራማ አያድርስ ነው። ስለዚህ በትልቁ የሚደጎመው ቤተሰብ በኤሌክትሪክ የማይጋግረው ነው። በእንጨት የሚጋግር ቤተሰብ «ዝቅተኛ ተጠቃሚ» ተብሎ ይደጎማል፤ ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ ለመሻገር የሞከረው ድጎማው ይቀነስበታል። መንግሥት በሌላ አንደበቱ ደን ይጠበቅ፣ የሴቶች ሸክም ይቅለል ይላል። የታሪፉ ሠንጠረዥ ግን ከጉልቻው አትራቂ የሚል ይመስላል።

እዚህ ላይ «ያም ሆኖ በኤሌክትሪክ መጋገር ከእንጨት ይረክሳል» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። ከ2011 እስከ 2014 በተካሄደው ማሻሻያ መጨረሻ እንኳ ከሃምሳ እስከ መቶ ያለው እርከን በኪሎ ዋት ሰዓት 77 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ 70 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመች ሴት 54 ብር ትከፍል ነበር። የወር ማገዶ በዚያ ገንዘብ አይታሰብም። ታዲያ ከተማ ውስጥ መስመር ደጃፉ ድረስ የገባለት ሰው ለምን አሁንም እንጨት ይሸከማል? መልሱ ከታሪፍ ውጭ ነው፤ ውድነቱን ከቢል ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። አንደኛው ምክንያት መብራቱ መጥፋቱ ነው። ሊጡ ቦክቶ፣ አብሲቱ ተጥሎ፣ ምጣዱ ግሎ ሦስተኛው እንጀራ ላይ መብራት ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ባለቢሮው አያውቀውም። ሊጥ ነገ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላትም ሴት ጓሮዋ እንጨት፣ ጥግ ላይ የሸክላ ምጣድ አይታጣባትም። ለአንድ እንጀራ ሁለት ዓይነት የኃይል ወጪ ታወጣለች። የአስተማማኝነት ጉድለት የሚከፈለው በቢል አይደለም፤ በመጠባበቂያ እንጨት ነው።

አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ

ሁለተኛው ምክንያት ቆጣሪው የማን ነው የሚለው ነው። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ውስጥ ከአከራይ ግቢ ገብቶ ማየት ይበቃል። ፊት ለፊት የባለቤቱ ቤት፣ ከኋላ በመስመር የተደረደሩ ክፍሎች፣ በአጥሩ ሥር አንድ ውኃ፣ በበረንዳው ግድግዳ ላይ አንድ ቆጣሪ። ከክፍሎቹ አንዱ ውስጥ ከወረዳ የተዛወረ ሠራተኛ፣ አንዱ ውስጥ ባጃጅ የሚያሽከረክር ወጣት ከነሚስቱ፣ አንዱ ውስጥ ከገጠር መጥተው የሚማሩ ሦስት ልጆች፣ አንዱ ውስጥ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ እናት ይኖራሉ። የመብራቱ ሒሳብ በአምፖልና በሶኬት ተገምቶ ይካፈላል። «እትዬ፣ ዛሬ ምጣድ ልሰካ?» ብላ የጠየቀች ተከራይ «ኧረ ልጄ፣ ቆጣሪው እየበላ ነው፤ በእንጨቱ ጋግሪ» የሚል መልስ ብታገኝ አከራይዋ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ቢሉ የሚመጣው በእሳቸው ስም ነው፤ ምጣድ በገባ ቁጥር ግቢው ሁሉ ወደ ውዱ እርከን ይገፋል።

ታሪፉ የሚያውቀው ቆጣሪን እንጂ ቤተሰብን አይደለም። አምስት ድሃ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ ሁሉም ዝቅተኛው እርከን ላይ በሆኑ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሥር ስላሉ ግን ተደምረው 200 ይሆናሉ፤ በሠንጠረዡ ላይ እንደ አንድ ደህና ኑሮ እንደሚኖር ቤት ይቆጠራሉ። ትንሽ ካለፉ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ኤሌክትሪክን ታክስ ውስጥ ሲያስገባ በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ነፃ እንዲሆን ተደርጓል። ይህም ለድሃ የታሰበ ነው። ይሁንና ለብቻው ሰፊ ቤት ውስጥ የሚኖር ባልና ሚስት ከወሰኑ በታች ሲሆን፣ አምስት ተከራይ ያለው ግቢ ከወሰኑ በላይ ሆኖ 15 በመቶ ይጨመርበታል። ድጎማው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከተከራይ ወደ ባለቤት ሲፈስ ለምን ዝም እንደምንል አይገባኝም። ምናልባት ተከራይ ቢል ስለማይመጣለት፣ ቢል የማይመጣለት ሰው ደግሞ ስለ ታሪፍ ሲወራ ስለማይጠየቅ ይሆናል።

የነዳጁ ነገር አጭር ነው። መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድን ይዞ ለዓመታት ሁሉንም ደጎመ፤ ባለ ላንድክሩዘሩም ባለ ባጃጁም በአንድ ዋጋ ቀዱ። ይህ እንዳላዋጣ ሲታወቅ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የታለመ ድጎማ ተብሎ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ በቴሌብር በኩል እንዲሰጥ፣ ሌላው ቀስ በቀስ የዓለም ዋጋ እንዲከፍል ተወሰነ። በመርሕ ደረጃ ትክክል ነበር፤ ይህን ውሳኔ ከሚነቅፉት ጋር አልቆምም። ግን ልብ ያለው ሰው አንድ ነገር ያያል። ነጭ ጋዝ የታለመው ውስጥ አልገባም። በሐምሌ 2014 በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም የነበረው ነጭ ጋዝ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ። ኩራዝ ለሚያበራ የገጠር ቤት፣ በቡታጋዝ ወጥ ለምትሠራ ተከራይ «የታለመ» የሚለው ቃል አልደረሳቸውም። ቤንዚኑም ቢሆን በመንግሥት ዋጋ ማደያ ላይ እንደልብ በማይገኝበትና መንገድ ዳር በሃይላንድ በሚሸጥበት ከተማ የተተመነው ዋጋ ለብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው።

«ማገዶ ለገበሬ ነፃ ነው»

ከከተማ እንውጣ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች፣ ከቡሬ ወደ ወምበርማና ወደ ቡሬ ዙሪያ ሲኬድ ስለሚገኘው ገበሬ በኃይል ፖሊሲ ውይይት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። ገበሬው ማገዶ አይገዛም፣ ባሕር ዛፍ አለው፣ ከብት አለው፤ ስለዚህ የኃይል ወጪ የለበትም የሚል። ሰነድ ላይ እንደዚህ በግልጽ አይጻፍም፤ ግን በጀቱ ሲመደብ እንደዚህ ተብሎ እንደታሰበ ያስታውቃል። ዞኑ ትርፍ አምራች የሚል ስም ስላለውም የድጋፍ ፕሮግራም ሲታሰብ ዐይን ቶሎ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ገበሬው ማገዶ የማይገዛው እውነት ነው፤ ይከፍላል ግን። ባሕር ዛፉ አጣና ሆኖ ሲሸጥ ብር ነው፤ ምድጃ ውስጥ የገባው ዛፍ ያልተሸጠ አጣና ነው። አጎራባች አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማና አካባቢው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያወጣ በመሸጥ ኑሮውን የለወጠ ገበሬ የዛፍን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። በሽታ ገብቶ ዲከረንሱን ሲያደርቅበት ደግሞ ማገዶ ምን ያህል ሀብት እንደነበር በእጦቱ አይቶታል። ኩበቱም እንዲሁ ነው። በበጋ የገጠር ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከዚያ ተከምሮ፣ ክረምት እንዳይነካው ተከድኖ የሚታየው ኩበት ለማሳ ሊሆን ይችል የነበረ ፍግ ነው። የምዕራብ ጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማነት ገበሬውን ኖራ እስከማስፈለግ አድርሶታል። መንግሥት በ2014 ብቻ ለአፈር ማዳበሪያ 15 ቢሊዮን ብር ደጉሟል። በአንድ እጁ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ አስገብቶ ሲደጉም በሌላው በኩል የአገሩ ማዳበሪያ በየጉልቻው ይነዳል። የማዳበሪያ ድጎማና የምድጃ ፕሮግራም በሁለት ሚኒስቴር፣ በሁለት በጀት፣ በሁለት ሪፖርት መያዛቸው ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ አንዱ የሌላውን ወጪ እያናረ እንደሆነ የሚያይ ሰው አይኖርም።

የሴቷ ጉልበት ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው፤ ግን እዚህ ብዙ አልልበትም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በእንጨት ጭስ የታጠረ ማጀት ውስጥ ጧትና ማታ የምትውል እናት የምትከፍለው ዋጋ ከሳንባና ከዐይን ሕክምና ወጪ ጋር እንጂ ከማገዶ ወጪ ጋር ተደምሮ አይታይም።

መንግሥት በዚህ በኩል ምንም አልሠራም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። እንዲያውም ለቤተሰብ ማገዶ ማሰብ የቆየ ነገር ነው፤ አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ባሕር ዛፍ እንዲስፋፋ ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ነበር። በ1980ዎቹ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ተፈለሰፈ። በአግባቡ ሲሠራ የሦስት ጉልቻን ማገዶ እስከ ግማሽ የሚቀንስ፣ እሳቱን ከብቦ የሚይዝ፣ ለአገራችን ምጣድ ተለክቶ የተሠራ ነገር ነው። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 9 ሚሊዮን ገደማ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለማዳረስ ታቀደ። የባዮጋዝ ብሔራዊ ፕሮግራምም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ተጀምሮ በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ሊሠራ አቅዶ 8 ሺህ ገደማ ሠራ፤ ለቤተሰቡም የግንባታውን ከፊል ወጪ ይደጉም ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት ከግማሽ በላይ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ዋና ማብሰያው ያው ሦስት ጉልቻ ነበር። ምን ተፈጠረ? የባዮጋዙን እንይ። ቢያንስ አራት ከብት፣ በየቀኑ ውኃ፣ ቦታና የራስ መዋጮ ይጠይቃል። ይህን የሚያሟላው የቀበሌው ደህና ገበሬ ነው፤ ድጎማው የደረሰው ለተቸገረው አይደለም። ያውም ተሠርተው ሥራ ያቆሙት ጥቂት አይደሉም። የምርጥ ምድጃው ጣጣ ሌላ ነው። ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ደግሞ በ2014ና 2015 ከተራ ሰው አቅም ውጭ ወጥቶ ነበር። ዋናው ግን የተለካው ነገር ነው። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ምድጃ ተሠራጨ የሚለውን ነው። ስንቱ ከስድስት ወር በኋላ እየጋገረ ነው፣ ስንቱ ተሰንጥቆ የዶሮ ማደሪያ ሆነ የሚለውን የሚጠይቅ ፎርም የለም። የልማት ሠራተኛውም የተጠየቀውን ነው የሚሞላው።

ሁለት ተቃዋሚዎች

በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማሙ ሁለት ወገኖች አሉ፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። የመጀመሪያው ወገን የኢኮኖሚ ባለሙያው ነው። ታሪፍ መጨመር አለበት ይላል። የረከሰ ዋጋ የሚጠቅመው ብዙ የሚጠቀመውን ነው፤ መስመር ያልደረሰው የገጠር ቤተሰብ ከድጎማው አምስት ሳንቲም አያገኝም፤ ተቋሙ ከስሮ አዲስ መስመር አይዘረጋም። የዚህን ክርክር ሦስት አራተኛውን እቀበላለሁ። ከግሪዱ የተገናኘው ቤተሰብ በዓለም ባንኩ ጥናት ጊዜ ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እንደ አገር ግማሹን ብዙ አላለፈም። ሁሉም ዜጋ እ.ኤ.አ. በ2025 ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር 35 በመቶው ከፀሐይና ከመሳሰሉት እንዲሆን ተይዞ የነበረው ብሔራዊ ዕቅድ ዓመቱ ደርሶ አልሞላም። መስመር ለሌለው ሰው የታሪፍ ድጎማ ማለት ለሌላ ሰው የተከፈለ ገንዘብ ነው። የማልቀበለው ቀሪውን ሩብ ነው። ባለሙያው «ዋጋው ይስተካከል፣ ገቢው መስመር ይዘረጋል» ሲል ሁለተኛው በራሱ እንደሚከተል አድርጎ ያወራል። ቢሉ በየሦስት ወሩ ከፍ ሲል ያየ የቡሬ ነዋሪ በሰፈሩ የተቃጠለው ትራንስፎርመር መቼ እንደሚቀየር በየሦስት ወሩ የሚነግረው የለም። ጭማሪው ቀነ ቀጠሮ አለው፤ አገልግሎቱ የለውም።

ሁለተኛው ወገን «ግድቡ የእኛ ነው» የሚለው ነው። ይህን ክርክር የሚያጣጥሉ ምሁራን አያስደስቱኝም፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ 14 ዓመት ያዋጣ ሕዝብ ውለታ መጠየቁ ነውር የለውም። ግን በኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ቅናሽ መልክ ከጠየቀ የሚያገኘው ያንሰዋል። ግድብ የሚሰጠው የማመንጨት አቅም ነው፤ ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት ተተክሏል። ከጉባ እስከ ፍኖተ ሰላም ጓዳ ድረስ ግን ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ መካከለኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ አለ፤ ግድቡ ከነዚህ አንዱንም አልሠራም። ይህ ከግድቡ በፊትም የታየ ነው። የበለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ሥራ ሲጀምር 460 ሜጋ ዋት ይዞ ነበር፤ ከደጃፋችን ማለት ይቻላል። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ከዚያ በኋላም በኩራዝ አድሯል። ቡሬ ላይ በ2013 እንደተመረቀው እንደ ፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ያሉ ትልልቅ ደንበኞች ኃይል ማግኘታቸው ተገቢ ነው፤ ሥራ ይፈጥራሉ። ቤተሰብ ግን ፋብሪካ አይደለም፤ ለራሱ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚያስተክል አቅም የለውም፤ መንግሥት መግባት ያለበትም እዚያው ላይ ነው። ያዋጣው ሕዝብ ድርሻዬን ሲል ቅናሽ ከሚጠይቅ ሽቦ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከሌሎች አገሮች እንማር ብንል፣ አውሮፓውያን በዩክሬን ጦርነት ጊዜ ያደረጉት እዚህ ብዙ አያስተምረንም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 400 ፓውንድ ከቢሉ ላይ የቀነሰችው እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢል ስላለው ነው። ከኬንያና ከሕንድ ግን የምንወስደው አለ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የቤተሰብ ማስገቢያ ክፍያን ከ35 ሺህ ወደ 15 ሺህ ሽልንግ አውርዳ በየወሩ እየተቆራረጠ እንዲከፈል አደረገች፤ ድጎማው በመግቢያው በር ላይ ዋለ። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኡጅዋላ በሚባለው ፕሮግራሟ ለድሃ ሴቶች የሲሊንደር ጋዝ ያለ ማስገቢያ ክፍያ አስገባች። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወሰዱ፤ ብዙዎቹ ግን ሲሊንደሩ ሲያልቅ ማስሞላቱ ተወዶባቸው ወደ እንጨታቸው ተመለሱ። በር ከፍቶ ቤት ሳያሰናዱ መጥራት ይሏል ይህ ነው። ስለዚህ መስመር ማስገባት ብቻውን ይበቃል አልልም።

ቅደም ተከተሉ

የእኔ ሐሳብ የሃምሳው ወሰን ወደ 120 ይደግ፣ ምጣድ በሙሉ ይደጎም የሚል ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ቀላልም ነበር። አንድ የማይታለፍ ችግር ግን አለበት፤ መቶ ኪሎ ቮልት አምፒር የሚሸከም የሰፈር ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ ሃያ ስምንት ምጣድ ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። ዓርብ ማታ፣ የዓመት በዓል ዋዜማ፣ ጾም ሊፈታ ሲል ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ይጋግራል። ምጣድን በዋጋ ብቻ ብናበረታታ ትራንስፎርመሩን እናቃጥላለን፤ ሁሉም ወደ እንጨቱ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ይህንን ሲናገሩ የፖለቲካ ሰዎች አይሰሟቸውም፤ እኔ ግን ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ትራንስፎርመርና ወደ ቆጣሪ ነው፤ ታሪፉ የመጨረሻ ይሁን። በተከራይ ግቢ ውስጥ ለየቤተሰቡ ቆጣሪ ማስገባት፣ ክፍያውንም ከወር ቢል ጋር በትንሽ በትንሹ ማስከፈል። ይህ እስኪደርስ ድረስ በአንድ ቆጣሪ ሥር ስንት ቤተሰብ እንዳለ በቀበሌ ማስረጃ ተረጋግጦ እርከኑ በዚያ ልክ ይባዛ፤ ሁለት ቤተሰብ ከሆነ ሃምሳው መቶ፣ 200ው 400 ይሁን። «አከራይ የሌለ ተከራይ ያስመዘግባል» የሚል ስጋት ይነሳል፤ ይነሳል እንጂ። ፋይዳ መታወቂያ በየቦታው እየተሰጠ ባለበት ዘመን አንድን ሰው በሁለት ግቢ ማስመዝገብ አስቸጋሪ ነው፤ ትንሽ ማጭበርበር ቢኖርም ዛሬ በተከራዩ ላይ ከሚደርሰው አይበልጥም። ከዚህ ቀጥሎ ለምጣዱ መግዣ ብድር ነው። ቀድሞ አብቁተ ይባል የነበረው፣ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም ለማዳበሪያና ለከብት ማደለቢያ በየቀበሌው ማበደር ያውቅበታል፤ ለምጣድ ማበደርም አያቅተውም።

መስመር በቅርቡ ለማይደርስበት ገጠር ምርጥ ምድጃ ዛሬም የተሻለው አማራጭ ነው፤ ግን ክፍያው ይለወጥ። አምራቹ ማኅበር የድጎማውን ግማሽ ሲያስረክብ፣ ግማሹን ከዓመት በኋላ ምድጃው እየጋገረ እንደሆነ ታይቶ ያግኝ። ያኔ የተሰነጠቀውን የሚጠግን ሰው ይኖራል፤ ሲሚንቶውን የሚያሳሳም አይኖርም። የገንዘቡ ምንጭም ያው የማዳበሪያ በጀት ቢሆን አይከፋኝም፤ ያልነደደ ኩበት ማሳ ላይ የሚሠራው ሥራ አለና።

«በጦርነት ውስጥ ስለ ቆጣሪ ታወራለህ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ መስመር ሠራተኛ እንደ ልቡ ገጠር ወጥቶ ምሰሶ አይተክልም፤ ነዳጅም እንደ ልብ አይገባም። ሰላም ሳይኖር የገጠሩ መስመር እንደማይዘረጋ አልክድም። ግን ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ግማሹ ከከተማ የማይወጣ ሥራ ነው። የእርከኑን ስሌት በቤተሰብ ቁጥር ማባዛት የቢሮ ሥራ ነው፤ ቁልፉ አዲስ አበባ ያለ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን ትራንስፎርመሮች በሰፈር ቆጥሮ የትኛው ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ ማወጅም እንዲሁ። የሚቀጥለው የሦስት ወር የታሪፍ ጭማሪ ሲመጣ ከማስታወቂያው ጋር ይህ ዝርዝር ተያይዞ ይውጣ፤ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ትራንስፎርመር፣ በየትኛው ወር ይቀየራል የሚል። ካልወጣም የዞኑን ሕዝብ የሚወክሉ የምክር ቤት አባላት ጭማሪውን በዝምታ ከማለፋቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ወረቀት እሱ ነው።